አይጥ በበላ ዳዋ ለምን ይመታል? ስለ «ሪሴት ሃርድ» የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ በቴሌግራም ላከልኝ። ቀጥሎ እዚሁ ጎንደር ያለን ፕሮግራመሮች የምንጫጫበት ግሩፕ ላይ ተለጠፈ፤ ሰው ሁሉ በልብና በጭብጨባ አጀበው። ሦስተኛውን ያሳየኝ ፒያሳ ባለችው ሁለት ክፍል ቢሯችን ለልምምድ የመጣ ተማሪ ነው። ያሳየኝም የግማሽ ቀን ሥራው ከጠፋ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የተባለውን ነው ያደረግሁት» አለና ስልኩን ዘረጋልኝ።

እውነቱን ነው። የተባለውን ነው ያደረገው። ስለዚህ ልጁን ትቼ ወደ ጽሑፉ ልሂድ።

ጽሑፉ የሚያነሳው ጥያቄ የሁላችንም ነው። በጊት (የፋይሎችን ለውጥ እየመዘገበ በሚይዝ ፕሮግራም) በሚተዳደር ፕሮጀክት ላይ እየሠራን አንድ ፋይል አበላሸን እንበል። እንዴት ወደነበረበት እንመልሰው? የጸሐፊው መልስ እኔ እንደተረዳሁት ይህን ይመስላል። አስተማማኙ መንገድ ወደ መጨረሻው የተመዘገበ ሥራ የሚመልሰው «ጊት ሪሴት --ሃርድ» ነው፤ ሁሉን ያጸዳል፤ ሌላው ሁሉ ግማሽ መፍትሔ ነው። ስቴጅ የሚባለው፣ ለውጥ ከመመዝገቡ በፊት የሚሰናዳበት ቦታ፣ ትርፍ ደረጃ ስለሆነ እዚያ ላይ የሚጠፋ ቁም ነገር የለም። ፋይል የሚመልሰው «ሪስቶር» የተባለው አዲስ ትዕዛዝ የድሮው «ቼክአውት» ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። የፈራ ሰው መጀመሪያ «ስታሽ» ያድርግ፣ ማለትም ለውጡን ለጊዜው ወደ ጎን ያስቀምጥ፤ በኋላ ሁሉም እንዳለ ይመለስለታል። በመጨረሻም፣ ምንም ቢጠፋ «ሪፍሎግ» የሚባል መዝገብ ስላለ መደንገጥ አያስፈልግም።

ጸሐፊው ልምድ ያላቸው ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ጥርት ያለ ነው። ቶሎ ቶሎ ኮሚት አድርጉ (ሥራችሁን ጊት ውስጥ መዝግቡ) ማለታቸውም ልክ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ቃል አልከራከርም። የቀረው ግን አንድ በአንድ መታየት አለበት።

(ትዕዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው። ኪቦርድ ላይ እንዴት እንደሚመቱ ታውቁታላችሁ።)

መጀመሪያ የልጁን ነገር ላውራችሁ፤ ክርክሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

የምንሠራው ለመድኃኒት ቤት የሚሆን የክምችት ፕሮግራም ነው። መድኃኒቱ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ባለ መድኃኒት ቤቷ ግን ሪፖርቷን በኛ አቆጣጠር ማየት ትፈልጋለች። ስለዚህ ቀን የሚቀይር ፋይል አለን። ይህ ፋይል ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ይደናበር ነበር፤ በተለይ ጳጉሜ 6 ላይ። ጳጉሜ 6 ቀን የሚኖራት በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ነው። 2015 ዓ.ም. ላይ ነበረች፣ 2019 ዓ.ም. ላይ ትመለሳለች። ልጁ ጠዋቱን ሙሉ እሷን ሲያስተካክል ነበር። ሞከረው፣ ሠራለት፣ «ጊት አድ» አደረገው፤ ማለትም ስቴጅ ላይ አስቀመጠው።

ኮሚት ሳያደርግ ቡና ተፈላ።

ከቡና በኋላ ያንኑ ፋይል ከፈተና የወራቱን ስም ወደ ሦስት ፊደል ማሳጠር ጀመረ። መስከረም «መስከ» ሆነ። ጥቅምት «ጥቅም» ሆነ፤ ሳቅን። ጥርና ሰኔ ግን ድሮውንም ሁለት ፊደል ናቸው። ሠንጠረዡ ተንጋደደ። እሱን ለማቃናት ሌላ ቦታ ነካ፣ እዚያም ተበላሸ። ሃያ ደቂቃ ታግሎ ተስፋ ቆረጠ። የፈለገው ነገር ቀላል ነው። ከቡና በኋላ የተጻፈው ይጥፋ፣ ከቡና በፊት የተጻፈው ይቆይ።

ያን ሰዓት አጭሩን «ጊት ስታተስ -ኤስ» ቢመታ ኖሮ ከፋይሉ ስም ፊት ሁለት «ኤም» ያገኝ ነበር። የግራዋ ኤም ስቴጅ ላይ ለውጥ አለህ ትላለች። የቀኟ ኤም ደግሞ ከዚያ ወዲህም ነካክተኸዋል ትላለች። ማለትም የዚያ ፋይል ሦስት መልክ በአንድ ጊዜ ነበረ። አንዱ በመጨረሻው ኮሚት ላይ ያለው፣ ጳጉሜን የማያውቀው ነው። ጊት ይህን «ሄድ» ይለዋል፤ ከመሄድ ጋር ዝምድና የለውም። ሁለተኛው ስቴጅ ላይ የተቀመጠው ከቡና በፊት የነበረው ነው። ሦስተኛው ኤዲተሩ ላይ የሚታየው የተንጋደደው ነው።

ጽሑፉ ግን መካከለኛውን አይቆጥረውም። ለጸሐፊው ፋይል ወይ ኮሚት የተደረገ ነው ወይ የተበላሸ ነው። ልጁም በዚያው ሂሳብ «ጊት ሪሴት --ሃርድ» አለ። ስቴጁም ፋይሉም ወደ ሄድ ተመለሱ። የተንጋደደው ሠንጠረዥ ጠፋ፣ ጳጉሜም አብራ ጠፋች።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ሪሴት ሃርድ አስተማማኝ የሆነው ለምን ነገር ነው? ጥያቄው ስለ አንድ ፋይል ነበር። ሪሴት ሃርድ የፋይል ስም እንኳን አይቀበልም። ስም ብትሰጡት በፋይል ደረጃ አልሠራም ብሎ ይመልሳችኋል። የሚያውቀው ሁሉንም ብቻ ነው። አንድ ፋይል አበላሽታችሁ ሌሎች አምስት ፋይሎች ላይ ጥሩ ሥራ ካላችሁ፣ አምስቱም አብረው ይሄዳሉ። አዲስ ፋይል ፈጥራችሁ አድ ካደረጋችሁት ደግሞ ይባስ ነው። ሄድ ላይ ስለሌለ ከዲስካችሁ ላይ ጭራሹን ይሰረዛል።

በሌላ በኩል ጸሐፊው እንደሚሉት ሁሉን የሚያጸዳ ትዕዛዝም አይደለም። አድ ያልተደረገ አዲስ ፋይል ካለ ሪሴት ሃርድ አይነካውም፤ እዚያው ተጎልቶ ይቀራል። እሱን የሚያጠፋው «ጊት ክሊን» ነው። (እሱንም መጀመሪያ በ«-ኤን» ሞክሩት፤ ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ሳያጠፋ ይነግራችኋል።) ስለዚህ ሪሴት ሃርድ ልታስቀሩት የፈለጋችሁትን ይወስዳል፣ እንዲወስደው የፈለጋችሁትን ሊተወው ይችላል።

ልጁ የሚያስፈልገው «ጊት ሪስቶር» ብሎ የፋይሉን ስም መጻፍ ብቻ ነበር። ምንም ተጨማሪ የለውም። ይህ ትዕዛዝ ሌላ ካልተነገረው የሚቀዳው ከስቴጅ ነው፣ ከኮሚት አይደለም። የሚጽፈውም ዲስክ ላይ ባለው ፋይል ላይ ነው። ስቴጁን አይነካውም። ከቡና በኋላ ያለው ይጠፋል፣ ከቡና በፊት ያለው ይቆያል። ሁሉንም ፋይል እንዲህ መመለስ የፈለገ በስሙ ቦታ ነጥብ ያድርግ፤ ያለበትን ፎልደር በሙሉ ይመልስለታል። ከፋይሉ ውስጥ የተወሰነ ቦታ ብቻ መመለስ የፈለገ «-ፒ» ይጨምር። ለውጡን ቆራርሶ እያሳየ ይህን ልጣለው ወይ እያለ ይጠይቀዋል። ቪኤስ ኮድ በሚባለው ኤዲተር ላይ ከፋይሉ ስም አጠገብ ያለችው የተጠማዘዘች ቀስትም የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ የስቴጁን ቅጂ ፋይሉ ላይ ትመልሳለች። ጸሐፊው ግማሽ መፍትሔ ያሉት ይህን ከሆነ፣ ግማሹ ነው የሚፈለገው። ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው አንድ ቃል ሲሳሳት ቃሏን ይፍቃል እንጂ ብራናውን አይጥልም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ስቴጁ ባዶ ከሆነና ያለው ለውጥ ሁሉ ይጣል ካላችሁ ሪሴት ሃርድ ፈጣን ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ። የማልስማማው ለጀማሪ የመጀመሪያ መድኃኒት ተደርጎ መታዘዙ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ስቴጅ ትርፍ ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው «ጊት ኮሚት -ኤ» ብላችሁ እለፉት ይላሉ። ብቻውን ትንሽ ነገር ለሚሠራ ሰው ይህ ብዙ አይጎዳም። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «-ኤ» አዲስ ፋይሎችን አያካትትም። «እኔ ጋ ይሠራል፣ እናንተ ጋ ለምን እምቢ አለ?» ከሚባሉት ችግሮች ስንቱ ከዚህ እንደሚመጣ ቡድን ውስጥ የሠራ ሰው ያውቃል። ሁለተኛ፣ እርሳቸው ራሳቸው በዚያው ጽሑፍ አንድ ኮሚት አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ ብለው ይመክራሉ። ግሩም ምክር ነው። ታዲያ አንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ጉዳይ ነክቼ ብገኝ በምን ልለያቸው? የምንለየው በስቴጅ ነው። «ጊት አድ -ፒ» የተፈጠረው ለዚህ ነው። ትርፍ ያሉትን ዕቃ ከጣልን ምክራቸውን የምንፈጽምበት መሣሪያ የለንም።

ልጁ ከቡና በፊት ኮሚት ቢያደርግ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ትሉኝ ይሆናል። አይመጣም ነበር። ለእሱም ነግሬዋለሁ። ግን ጽሑፉ የሚመልሰው ጥያቄ ኮሚት ያላደረገ ሰው ምን ያድርግ የሚል ነው። «ኮሚት ማድረግ ነበረብህ» ለዚያ ሰው መልስ አይሆንም።

የ«ሪስቶር»ና የ«ቼክአውት» ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። «ጊት ቼክአውት -- ፋይል» እና «ጊት ሪስቶር ፋይል» የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ከስቴጅ ይቀዳሉ። በዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ሪስቶር የመጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019፣ በጊት 2.23 ነው። ቼክአውት ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) መቀየርንም ፋይል መመለስንም አንድ ላይ ተሸክሞ ሰው ሲያደናግር ስለኖረ፣ ሥራው ለ«ስዊች»ና ለ«ሪስቶር» ተከፈለ። ልዩነቱ የሚመጣው «ሄድ» የሚለውን ቃል ስትጨምሩ ነው። «ጊት ቼክአውት ሄድ -- ፋይል» ካላችሁ ስቴጁንም ፋይሉንም በአንድ ላይ ይሽራል። «ጊት ሪስቶር --ሶርስ=ሄድ ፋይል» ካላችሁ ግን ዲስክ ላይ ያለውን ብቻ ይቀይራል፤ ስቴጁ እንዳለ ይቆያል። ስቴጁም ይቀየር ካላችሁ «--ስቴጅድ --ወርክትሪ» ብላችሁ በግልጽ መጻፍ አለባችሁ። አንዲት ቃል በመጨመር ሥራውን የሚያጣ ሰው ይህን «አዲስ ስም ብቻ» አይለውም።

ስታሽ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚተማመንበት ነገር ስለሆነ ነው።

ጸሐፊው ስታሽ አድርጉ፣ በኋላ «ፖፕ» ስትሉት ሁሉም እንዳለ ይመለሳል ይላሉ። ይዘቱ ይመለሳል፣ እውነት ነው። «እንዳለ» የምትለዋ ቃል ግን አታስኬድም። «ጊት ስታሽ ፖፕ» ብቻውን ሲመታ፣ ነባር ፋይሎች ላይ የነበረው ለውጥ በሙሉ ስቴጅ ያልተደረገ ሆኖ ይመለሳል። የልጁን ፋይል አስቡት። የጳጉሜው ማስተካከያና የተንጋደደው ሠንጠረዥ አንድ ላይ ተቀላቅለው ይመጣሉ። ከቡና በፊትና በኋላ የነበረው ድንበር ፈርሷል። ምንም መስመር አልጠፋም፤ ግን የትኛው መስመር የትኛው እንደነበረ በዓይን መለየት የእናንተ ሥራ ሆነ። ድንበሩ እንዲጠበቅ «ፖፕ --ኢንዴክስ» ማለት ያስፈልጋል፤ ኢንዴክስ የስቴጅ ሌላ ስሙ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ይህች ቃል አንድ ቦታ እንኳን የለችም።

ፖፕ ብላችሁ የጨረሳችሁ ከሆነና አሁን ከደነገጣችሁ፣ ተርሚናሉን ሳትዘጉ ወደላይ መልሳችሁ እዩት። ፖፕ ሲያልቅ ስታሹን እንደጣለው ይነግራችሁና በቅንፍ ውስጥ ረጅም ቁጥር ያሳያችኋል። ያን ቁጥር ቅዱት። በስቴጅ ላይ የነበረው መልክ እሱ ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ያለውን ለውጥ መልሳችሁ ካነሳችሁ በኋላ «ጊት ስታሽ አፕላይ --ኢንዴክስ» ብላችሁ በቁጥሩ መመለስ ትችላላችሁ።

ጸሐፊው ስታሽን በሌላ መልኩ ቢያነሱት ግን እስማማ ነበር። «ጊት ስታሽ ፑሽ --ኪፕ-ኢንዴክስ» የሚባል አለ። ስቴጅ ያደረጋችሁትን ቦታው ላይ ይተወዋል፣ ከዚያ በኋላ የነካካችሁትን ከፊታችሁ ያነሳዋል። ውጤቱ እንደ «ሪስቶር ነጥብ» ነው፤ ልዩነቱ የተነሳው ነገር አለመጣሉ ነው። ለሚፈራ ሰው ከሪሴት ሃርድ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ማወቅ ያለባችሁ፣ ስታሹ ውስጥ ስቴጅ የተደረገውም ቅጂ አብሮ ይገባል። ስለዚህ በኋላ ፖፕ ስትሉት ግጭት ሊፈጠር ይችላል። እኔ እዚያው ትቼው አድራለሁ፤ በማግስቱ ካላስፈለገኝ «ድሮፕ» ብዬ እጥለዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ፣ ከጊት 2.35 ጀምሮ፣ በተቃራኒው ስቴጅ የተደረገውን ብቻ የሚያነሳ «--ስቴጅድ» የሚል አማራጭም አለ።

የመጨረሻው ነጥብ በጣም አደገኛው ነው። ምንም ቢጠፋ ሪፍሎግ አለ።

ሪፍሎግ የሚመዘግበው ሄድና ብራንቾች ከየት ወደ የት እንደተንቀሳቀሱ ነው። ማለትም ኮሚቶችን ነው። ኮሚት ያልተደረገ ነገር እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ልጁ ሪፍሎግ ከፈተ። የጠዋቱን ጳጉሜ ፈለገ። የትናንት ኮሚቶቹን አገኘ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ብነግራችሁ ደስ አይላችሁም።

ያዳነን ሌላ ነገር ነው። «ጊት አድ» ስትሉ ጊት የፋይሉን ይዘት ያኔውኑ የራሱ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ኮሚት እስክታደርጉ አይጠብቅም። ሪሴት ሃርድ የሚያጠፋው ወደዚያ ይዘት የሚጠቁመውን ነገር ነው፤ ይዘቱ ለጊዜው ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል። «ጊት ኤፍኤስሲኬ --ሎስት-ፋውንድ» ብለን መታን። ባለቤት ያጡት ፋይሎች ተሰብስበው ወጡ። ስም የላቸውም፤ እያንዳንዱ በአርባ ቁጥርና ፊደል ነው የተሰየመው። ልጁ ውስጣቸው «ጳጉሜ» የሚል ቃል ፈለገ። አራት ወጡ፤ ጠዋት አራት ጊዜ አድ ማድረጉን ረስቶታል። አንድ በአንድ ከፍተን አነበብን። ጳጉሜ 6ን የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነበር። «አገኘኋት!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሰምቶ ምን ጠፍቷችሁ ነው ብሎ መጣ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጁን ያዳነው ጸሐፊው ትርፍ ያሉት ደረጃ ነው። አድ ባያደርገው ኖሮ የሚፈለግ ነገር አይኖርም ነበር። ይህም ቢሆን ለዘላለም አይቀመጥም። ጊት ቤቱን ሲያጸዳ፣ ነባሪው ቅንብር ካልተቀየረ፣ ባለቤት ካጡት ውስጥ ከተቀመጡ ሁለት ሳምንት ያለፋቸውን ይጠርጋል።

እዚህ ላይ የራሴንም ምክር ልናገርበት። ሪስቶር የሚጥለው፣ ማለትም ከቡና በኋላ ያለው፣ ጊት ውስጥ አንድም ጊዜ አልገባም። እሱን ሪፍሎግም ኤፍኤስሲኬም አያመጡትም። ጸሐፊው ሪስቶርን በዚህ ቢከሱት ኖሮ ክሱ ይያዝ ነበር። ለዚህ ነው እኔ ከመመለሴ በፊት «ጊት ዲፍ» የምለው። ዲፍ ብቻውን የሚያሳየው በስቴጅና በፋይሉ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ሪስቶር የሚጥለው በትክክል እሱን ነው። ልቤ ካመነታ ያንን ውጤት ወደ አንድ ፋይል እገለብጠዋለሁ። በኋላ ካማረኝ «ጊት አፕላይ» መልሶ ይለጥፈዋል። ልጁ የሠንጠረዡን ነገር ሁለተኛ ሊያየው ባይፈልግም፣ ሦስት ፊደሏ ሐሳብ ራሷ መጥፎ አልነበረችም። ባለ መድኃኒት ቤቷ በኋላ ራሷ ጠየቀችን፤ ከባዶ ነው የጻፍናት።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፉን ያጥፉት አልልም፤ ብዙ ሰው እያነበበው ነው፣ ስለ ትንንሽ ኮሚቶች ያሉትም ይጠቅማል። ሪሴት ሃርድ ከሚለው መስመር በላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩልን። መጀመሪያ ጊት ስታተስ በሉ፤ በአረንጓዴ የተጻፈ የፋይል ስም ካያችሁ ይህን ትዕዛዝ አትምቱ።